ቁጥሩ ያምራል፣ ፋይሉ ግን አይሄድም
አንድ የኢንተርኔት ምክር ጽሑፍ «የኢንተርኔታችሁን ፍጥነት በስፒድቴስት ለክታችሁ እወቁ» ይላል። ጅማ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ስለካ 40 ሜጋቢት ያሳየኛል፤ አንዲት ፒዲኤፍ እስክትላክላት ግን ደንበኛዬ ሁለት ስኒ ቡና ትጨርሳለች። ለምን? መለኪያው ዝም ከተባለ ቅርብ ያለውን ሰርቨር (ፍጥነቱ የሚለካበትን ኮምፒውተር) ነው የሚመርጠው፣ ፋይሉ የሚሄደው ደግሞ ባህር ማዶ። አፕሎዱንም (የመላኪያውን ፍጥነት) ማንም አያየው፣ ሁሉም ዳውንሎዱ (የመቀበያው) ላይ ነው የሚያፈጠው። (40 ሜጋቢት ራሱ በ8 ሲካፈል በሰከንድ 5 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ይሄን ለስንቱ አስረዳሁ መሰላችሁ!) ሰርቨሩን በእጃችሁ ቀይራችሁ ሞክሩ፣ ጠዋትም ማታ 2 ሰዓትም። ፒንጉንም (መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ) እዩ። እኔ ጋ ማታ 400 ሚሊሰከንድ ሲገባ ልጆቹ ጌማቸውን ጥለው ፑል ቤት ይሄዳሉ።