ለሐይቅ ያዘነ ሰውም ለቅሶ ደራሽ ይፈልጋል

ወገኖቼ፣ ዛሬ የመጣሁት ልቆጣ ነው። የምቆጣው ስለምወዳችሁ ነው፤ ቁጣውም እኔን ጨምሮ ነው።

ከጣና ዳር ልጀምር። ሐይቁን የወረረውን አረም፣ እንቦጭን፣ በእጁ ነቅሎ የሚያውቅ ሰው የምለው ቶሎ ይገባዋል። አበባው ያምራል። ወይን ጠጅ ነው፤ ለሰርግ ቢቆርጡት አያሳፍርም። ሥሩ ግን እንደ ጥቁር ጸጉር የተንጨባረረ ነው፤ ከውኃው ሲወጣ ጭቃውንም ቀንድ አውጣውንም ይዞ ይመጣል። አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው። አንድ እቅፍ ወደ ዳር የሚጎትት ሰው ሐይቁን ራሱን የሚጎትት ይመስለዋል። የሚቆመው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ነው። እግሩ ላይ አልቅት ይጣበቃል። ፀሐይዋ ከላይ ትመታዋለች፤ ከውኃው ላይ ተመልሳም ትመታዋለች።

በደንቢያ በኩል ባለው ዳርቻ፣ በአንዱ ጥቅምት፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገቤ ቆመው ይነቅሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ የቆለልነውን ክምር ዞር ብዬ ሳይ ደስ አለኝ። ቀና ብዬ ሐይቁን ሳይ ደስታዬ ጠፋ። አረንጓዴው ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ተዘርግቷል። «አባባ፣ ይኼ ነገር ያልቃል ይላሉ?» አልኳቸው። «የዛሬው ድርሻዬ እስከዚያች ካስማ ነው» አሉኝ፤ ጭቃው ላይ ወደተተከለች አንዲት እንጨት እየጠቆሙ። እንጨቷ ጋ ሲደርሱ ወጡ። እግራቸውን ታጠቡ። የሰፈራቸው ሰዎች ወደተቀመጡበት ዛፍ ሥር ሄዱና ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው «ና ቁጭ በል ልጄ» አሉኝ። እዚያ ስለ እንቦጭ ማንም አላወራም። የሚያወሩት ስለ አንድ የታመመ ጎረቤት ነበር። ማታ ማን አብሮት እንደሚያድር ይመካከሩ ነበር።

አብሮኝ የመጣው ጓደኛዬ ግን ያን ቀን እስኪመሽ ከውኃው አልወጣም። ወጣት ነው፣ የተማረ ነው፣ ሐይቁን እንደ እናቱ ይወዳል። ማታም አይተኛም። የሳተላይት ምስል ያያል፤ አምና ስንት ሄክታር ነበር፣ ዘንድሮ ስንት ሆነ እያለ ያሰላል። ከዚያ ፌስቡክ ላይ ይጽፋል፤ ከሥር ለሚሰድቡት አንድ በአንድ ይመልሳል። እንዲህ ሁለት ዓመት ቆየ። ከዚያ ስልክ ማንሳት አቆመ። ከቡድናችን አንድም ሰው ቤቱ አልሄደም። «ሰነፈ» አልን። «ሥራ አግኝቶ ነው» ያለም ነበር። እኔ ቤቱን አውቀዋለሁ። ሩቅ አይደለም። አልሄድኩም።

የምቆጣው በዚህ ነው።

ጎረቤታችሁ ሰው ቢሞትበት ምን ታደርጋላችሁ? ጥሩምባው ሲነፋ ትነሳላችሁ። ድንኳን ይተከላል፣ የእድሩ ወንበር ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ገብታችሁ ከሐዘንተኛው ጎን ትቀመጣላችሁ። ብዙ ጊዜ ምንም አትናገሩም፤ መቀመጣችሁ ይበቃል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ያውቅበታል። ሐዘንተኛን ብቻውን ማሳደር በኛ አገር ነውር ነው። ሥራ የሚበዛበት ሰው እንኳ ሰልስት ሳይወጣ ይደርሳል፤ ካልደረሰም ዓመት ሙሉ ያፍራል። ይህን ማንም በሥልጠና አላስተማረንም። እያየን ነው ያደግነው።

ታዲያ ሐይቁ የሚሞትበትን፣ ጫካው የሚነድበትን፣ ምንጩ የሚደርቅበትን ሰው ስናይ ምን እንላለን? «ለሣር ታለቅሳለህ?» እንላለን። «ሰው እየሞተ አንተ ስለ ዛፍ?» እንላለን። እባካችሁ ይህን አፍ ተዉት። ቦረና ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲቀር የአርብቶ አደሩ ከብት ዓይኑ እያየ አለቀ። ያ ሰው ያለቀሰው ለላም ብቻ ነው? ላሟ የልጁ ወተት ነበረች፣ ጥሎሹ ነበረች፣ በሰው ፊት ቀና ብሎ የሚሄድባት ክብሩ ነበረች። የጣና አጥማጅስ? መረቡን ጥሎ ቀረሶ ሲጠብቅ እንቦጭ ጎትቶ የወጣ ሰው ሐዘኑ የልጆቹ እራት ነው። ለተፈጥሮ የሚያለቅስ ሰው ለሰው እያለቀሰ ነው። ቀድሞ አይቶ ቀድሞ አለቀሰ፤ ጥፋቱ ይኼ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልዙር፤ ችግኝ ወደምትተክሉት፣ ወንዝ ወደምታጸዱት፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ትምህርት ቤት እየዞራችሁ ወደምታስተምሩት። «አክቲቪስት» ብዬ አልጠራችሁም። ቃሉ እዚህ አገር የፖለቲካ ሆኖ ቀርቷል፤ ብዙዎቻችሁም ስትጠሩበት ትሸማቀቃላችሁ። የአገር ጠባቂዎች ብዬ ብጠራችሁ ይሻላል።

የያዛችሁት ሥራ በዘመቻ የሚያልቅ አይደለም። እንቦጭን ብቻ ውሰዱ። እዚህ አገር ቆቃና አዋሽ ላይ የታየው በ1950ዎቹ መገባደጃ ነው። ጣና ላይ በይፋ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት አካባቢ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ 20 ዓመት ገደማ ሳይሞት መቆየት ይችላል። ቀለቡንም የምንሰፍርለት እኛው ነን፤ ከተራቆተ ማሳ የታጠበ አፈር፣ ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርድ ቆሻሻ። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይስማማዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው «በዚህ ክረምት እጨርሰዋለሁ» ብሎ ከተነሳ ሊሰበር ነው የተነሳው።

እኛ ደግሞ ዘመቻ እንወዳለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ያን ቀን እኔም ጭቃ ውስጥ ነበርኩ፤ ደስ የሚል ቀን ነበር። ቀኑን አላጣጥለውም። ግን ጥር ላይ ያጠጣው ማነው? በየችግኝ ጣቢያው ጎንበስ ብለው ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ አፈር የሚሞሉ ሴቶች አሉ። ማጠጫውን ተሸክመው በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳሉ። ወገባቸውን ይዘው ቀና ሲሉ ፎቶ የሚያነሳቸው የለም። በ2013 ጥቅምትም ለእንቦጭ የአንድ ወር ዘመቻ ተጠራ። ብዙ ሰው ወጣ። በዚያው ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነት ተጀመረ። የሁሉም ዓይን ወደዚያ ዞረ፤ አይፈረድበትም። ውኃው ውስጥ የቀሩት ግን ዞር ብለው ሲያዩ ብቻቸውን ነበሩ።

ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄን ስትጀምር ለሴቶቹ ትንሽ ክፍያ የሚሰጣቸው ችግኙ ሲጸድቅ ነበር፤ በመትከላቸው ብቻ አይከፈልም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማታይ ተደብድባለች፣ ታስራለች። በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች። በመሐል ባሉት 27 ዓመታት ጸንታ እንድትቆም ያደረጋት ብርታቷ ብቻ አይመስለኝም። በየመንደሩ በቡድን የተቀመጡ ሴቶች ነበሯት።

ከኛው አገርም ልጨምር። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ አብርሃ ወአጽብሃ የምትባል ቀበሌ አለች። መሬቷ ተራቁቶ ሕዝቡ ወደ ሌላ ቦታ ይስፈር ተብሎ ነበር። አልሄዱም። ተራራውን ከከብት ከለሉ፣ እርከን ሠሩ፣ ጎርፉን በየሸለቆው አሰሩ። የጉድጓድ ውኃ ተመለሰ፣ ፍራፍሬ በቀለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኳተር ሽልማትን አገኙ። «አባ ሃዊ» እየተባሉ የሚጠሩት መሪያቸው ስማቸው ገኗል፤ ይገባቸዋልም። ሥራው የተሠራው ግን መንደሩ በጋራ ባወጣው ደንብ፣ ሁሉም ተራውን ጠብቆ በሚወጣበት የነፃ ጉልበት ነው። ያን ሁሉ ድንጋይ አንድ ሰው ቢሸከመው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ መቃብሩ ነበር።

አንድ ከባድ ነገር ላንሳ፤ ሐዘንተኞቹ ይቅር ይበሉኝ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ላይ፣ ከዝናብ በኋላ ተራራው ተናደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ናቸው። በእጃቸው አፈር ሲቆፍሩ ሌላ ናዳ መጣባቸው። ለወገን መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ ከነሱ በላይ የሚነግረን የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ሐሳብ ከራሴ አልወጣም። ሌሎቹ ሲቆፍሩ ቀና ብሎ ተራራውን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። በናንተ ቡድን ውስጥ እናንተን የሚያይ ማነው? ማን እንቅልፍ እንዳጣ፣ ማን መብላት እንደተወ፣ ማን በትንሽ ትልቁ መቆጣት እንደጀመረ የሚያውቅ አለ?

አብዛኛው ቡድን ውስጥ የለም። እንዲያውም የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። የታሸገ ውኃ ይዞ የመጣውን «አንተም ራስህ ፕላስቲክ ትጠቀማለህ» ብለን አንገቱን እናስደፋዋለን። ባነሩ ላይ የማን ስም ቀደመ ብለን እንኳረፋለን። አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። አንዲት ልጅ ስታወራ እንባዋ መጣ። መድረክ መሪው «ስሜታዊ አንሁን፣ ወደ አጀንዳው እንመለስ» አላት። ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። አርባ ሰው ነበርን፤ አንዳችንም ተከትለናት አልወጣንም።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ብቻውን ያዘነም እንደዚያው ነው።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችም አትቀየሙኝ። ለጣና ገንዘብ አዋጥታችኋል፤ ያ ብር ዳር ላይ ሠርቷል። ነገር ግን የሚያስፈራ ቪዲዮ ባያችሁ ቁጥር «አለቀልን» ብላችሁ በውድቅት ሌሊት አትላኩ። ተቀባዩ ሲነጋ ውኃው ውስጥ የሚገባ ሰው ነው። ይልቅ ደውሉለት። «እንዴት አደርክ? እናትህ ደኅና ናቸው?» በሉት። ስለ ሐይቁ እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በወር አንድ ቀን ያለ ሥራ ተገናኙ። አጀንዳ አይኑር፣ ቃለ ጉባኤ አይያዝ፣ ፎቶም ይቅር። ቡና ይፈላ። የደከመው ደከመኝ ይበል፤ ሲል «አይዞህ፣ ጀግና አይደለህ?» ብላችሁ አፉን አትዝጉት። ዝም ብላችሁ ስሙት። ዕረፍት በተራ ይሁን። ማሽላ የሚጠብቅ ገበሬ እንኳ ማማ ላይ የሚወጣው ከልጆቹ ጋር እየተፈራረቀ ነው፤ ተራው ያልደረሰ ያለ ሐፍረት ይተኛል። የጠፋ ሰው ካለ ሁለት ሆናችሁ ቤቱ ሂዱ። ሥራ እንዲመለስ ለማግባባት አትሂዱ። ለቅሶ እንደምትደርሱት ሂዱ። የጸደቀች አንዲት ዋንዛ፣ የተመለሰ አንድ ምንጭ ካለም አብራችሁ ሄዳችሁ እዩት። ሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት ይሄድበት ነበር። ዛሬ ውኃ ተመልሶበታል። አሮጌውን ሰው ጠይቁ፤ ደርቆም ሞልቶም ያየው እሱ ነው።

በ2027 እ.ኤ.አ. ታላቁን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። አዳራሹ ይሞላል፣ ንግግሩ ይበዛል። እስከዚያ ድረስ እናንተ እርስ በርሳችሁ ተፈላለጉ። አሁኑኑ፣ በዚህ ሳምንት።

እኔ ባለፈው እሑድ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ምን እንደምል አላወቅኩም ነበር። እናቱ ከፈቱልኝ። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ቆየሁ» አልኳቸው። «ግባ፣ ግባ፣ ቡናው ደርሷል» አሉኝ። እሱ ከስቷል። ስለ ልጅነት አወራን፣ ስለ እግር ኳስ አወራን። ሁለተኛው ስኒ ላይ ሲደርስ «ውኃው እንዴት ነው?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። አንገቱን ደፋ፤ እኔም ዝም አልኩ። ብዙ ቆየን። እናቱ በረካውን ቀዱልን።