የጋራው ሞገድ ላይ ኃይል አይጨመር

አሜሪካ ውስጥ ከ3550 እስከ 3700 ሜጋኸርትዝ ያለውን የሬዲዮ ሞገድ ሲቢአርኤስ ይሉታል። የአገሪቱ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍሲሲ በ2024 ለሕዝብ አስተያየት ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ እዚህ ሞገድ ላይ የሚፈቀደው የማሰራጫ ኃይል ከፍ ይበል ወይ የሚል ነበር። እኔ ከፍ ማለት የለበትም ባይ ነኝ።

ሞገዱን ሦስት ዓይነት ተጠቃሚዎች ይጋሩታል። ቅድሚያ ያለው የባሕር ኃይል ራዳር ነው። ቀጥሎ በ2020 ጨረታ በድምሩ ከ4.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍለው ፈቃድ የገዙ አሉ። ከታች ያለው ደግሞ ሳይገዛ የሚጠቀመው ነው፤ የገጠር ኢንተርኔት አቅራቢው፣ ፋብሪካው፣ ትምህርት ቤቱ።

ቻናል የሚያከፋፍለው ኤስኤኤስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ የተለያዩ ኩባንያዎች የየራሳቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እያንዳንዱ አንቴና የት እንደቆመና በስንት ኃይል እንደሚሠራ ያውቃል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ የተተከሉ ሴንሰሮች ራዳር መጣ ሲሉት በአካባቢው ያሉትን ወይ ወደ ሌላ ቻናል ያዛውራል ወይ ማሰራጨት እንዲያቆሙ ያዛል፤ ፈቃድ የገዛው ኩባንያ ሥራ ባልጀመረበት ቦታ ደግሞ ያንኑ ቻናል ለታችኛው ተጠቃሚ ይሰጣል። ይሄ የመጨረሻው በጣም ደስ ይለኛል። ገዝቶ አስቀምጦ ሌላውን መከልከል የለም።

ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ ነው። ለትልቁ የውጭ አንቴና የሚፈቀደው በ10 ሜጋኸርትዝ 50 ዋት ገደማ ነው። ለሞባይል ኩባንያዎች በተሸጠው ጎረቤት ሞገድ፣ ሲ-ባንድ ላይ፣ ከተማ ውስጥ ለ1 ሜጋኸርትዝ ብቻ 1640 ዋት ይፈቀዳል። ልዩነቱን አስቡት! ፈቃድ የገዛው ኩባንያ ኃይል ሲጨምር አንድ አንቴና የሚሸፍነው፣ ስለዚህም ከረብሻ የሚጠበቅለት ቦታ ይሰፋል፤ ታችኛው ተጠቃሚም ከዚያ ሁሉ ቦታ ቻናሉን ለቆ ይወጣል። ታችኞቹ እርስ በርስ ሲረባበሹ ደግሞ ደንቡ ለማናቸውም ከለላ አይሰጥም።

ኃይል ሲጨመር ጥቂት ማማ ብዙ ቦታ ይሸፍናል የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን ፈቃዱን ሲገዙ የኃይሉን ልክ ያውቁት ነበር፤ የገጠሩ አቅራቢም አንቴናውን የተከለው ያንኑ ደንብ አምኖ ነው።

ኤፍሲሲ ደንቡን መንካት ካለበት ከታች ይጀምር። ሁሉም ኤስኤኤሶች የታችኞቹን ተጠቃሚዎች ቻናል ተነጋግረው እንዲያከፋፍሉ ያስገድድ፤ የኃይሉ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይታይ።