ሶቶን «ብዙ አይታወቅም» ያላችሁ ሰዎች፣ እስቲ ኑ እንነጋገር

ኧረ በፈጠራችሁ! ጥያቄው እኮ ከባድ አይደለም። «ከ2019ኙ የዋሽንግተን ናሽናልስ የቤዝቦል ቡድን ስሙ ብዙ የማይነሳ፣ አንተ ግን ከልብህ የምትወደው ተጫዋች ማነው?» በቃ፣ ይኸው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ ስንሰበሰብ ጥያቄውን የማነሳው እኔ፣ ተናድጄ የምነሳውም እኔ።

አንዱ ወዲያው ደረቱን ነፍቶ «ሶቶ!» ይላል። የቱ ሶቶ? ሁዋን ሶቶ! ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር የፈረመው ሰውዬ! እሱ የማይታወቅ ከተባለ እኛ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ስንቆርጥ የምናድረው ምን ልንባል ነው? ሁለተኛው ትልቅ ምስጢር ያወጣ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እንኳን ስትራስበርግ» ይላል። ወንድሜ፣ ስትራስበርግ እኮ የወርልድ ሲሪየሱ፣ የዋንጫው ፍጻሜ፣ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ ሰው ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ዚመርማን» ብሎት እርፍ። ቡድኑ 11 ቁጥሩን ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም ብሎ በክብር ያስቀመጠለትን ሰው!

ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን አራተኛው ነው፣ አዋቂ ነኝ ባዩ። ሁላችንንም በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ ቡናውን ፉት ብሎ «ሃዊ ኬንድሪክ» ይላል። እሺ፣ ኬንድሪክን የሚጠላ የለም። የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስ በ10ኛው ኢኒንግ (ዙር) በግራንድ ስላም፣ በአንድ ምት አራት ነጥብ በሚያስገኘው፣ የሸኘው እሱ ነው። ከሴንት ሉዊሱ ካርዲናልስ ጋር በተደረገው ተከታታይ ግጥሚያ ምርጥ ተጫዋች የተባለውም እሱ ነው። ሂዩስተን ላይ በወርልድ ሲሪየሱ 7ኛ ጨዋታ ኳሷን ከቀኙ ምሰሶ ጋር አላትሞ ቡድኑን መሪ ያደረገውም እሱ። ታዲያ ምኑ ነው የተደበቀው? ኬንድሪክን የማያውቅ ሰው ያንን ዓመት ጭራሽ አላየውም ማለት ነው።

በሽታው የቤዝቦል ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊጉን የጨረሰውን የ2003/04 አርሰናል አንሱና «ያልተዘመረለት ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ግማሹ ሰው «አንሪ» ካላላችሁ ከምላሴ ፀጉር። ኤዱን ወይም ፓርለርን የሚያነሳ ካገኛችሁ ምሳ ጋብዙልኝ።

ላልተከታተላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል ነው ወደ ዲሲ የመጣው። ከተማዋ በቤዝቦል ዋንጫ ካየች ከ1924 ወዲህ ዘመን አልፏት ነበር። በ2019 ሜይ 23 ላይ ናሽናልስ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር፤ አሠልጣኙ ይባረር ሲባል ሰምተናል። በዚያ ላይ ብራይስ ሃርፐር ፊላደልፊያ ሄዶ 330 ሚሊዮን ፈርሟል። ከዚያ ያ ሁሉ «ሽማግሌ» እየተባለ የሚቀለድበት ቡድን 93 ጨዋታ አሸንፎ ፕሌይኦፍ፣ የዋንጫው ጥሎ ማለፍ፣ ገባ፤ ዋንጫውንም ወሰደ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር አራት ኮከቦች ብቻ ያመጡታል?

አሁን ስለ ማይክል ኤ. ቴይለር ላውራ። እሱ ነው የኔ ሰው።

ያን ዓመት ቦታውን ለወጣቱ ቪክቶር ሮብለስ አስረክቦ ብዙውን ጊዜ በታችኛው ሊግ ነው ያሳለፈው። ኦክቶበር 1 ከሚልዋኪ ጋር ከተሸነፍክ ወደ ቤትህ የምትሄድበት አንድ ጨዋታ። 8ኛው ኢኒንግ፣ 3 ለ 1 እየተመራን። ኳሱን የሚወረውረው ጆሽ ሄደር፣ ያ ፀጉሩን ያስረዘመው ግራኝ። ኳሱ ወደ ቴይለር እጅ ተምዘግዝጎ መጣ። ኳስ የመታው መቺ በነፃ ያልፋልና ዳኛው ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ሯጩ ወደሚረግጣት የመጀመሪያ ጣቢያ፣ ሂድ አሉት። ሚልዋኪዎች «ዱላውን እንጂ እጁን አልነካም» ብለው በቪዲዮ ይታይልን አሉ። ስታዲየሙ በሙሉ አንገቱን አስግጎ ስክሪን ያያል። ውሳኔው ጸና። ልብ በሉ፣ ሰውየው መትቶ አይደለም ቤዝ የያዘው፣ ተመትቶ ነው! ከዚያ ዚመርማን ዱላው ተሰብሮ ኳሷ ሜዳ ላይ ወደቀችለት። አንድሩ ስቲቨንሰን እንዲሮጥለት ተተካ። ሬንዶን በነፃ ቤዝ ገባ። ከዚያ ሶቶ ወደ ቀኝ መታ፣ የሚልዋኪው ልጅ ኳሷን አሳለፋት፣ ሦስት ሰው ዞሮ ገባ፣ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ። 4 ለ 3።

የሶቶን ምት ሁሉም ሰው ያስታውሳል። ግን መጀመሪያ የገባው ማነው? ቴይለር። አቻ ያደረገው ማነው? ስቲቨንሰን! ስቲቨንሰንን ስጠራላችሁ «የቱ ስቲቨንሰን?» አላላችሁም? ይኸው ነው እኮ የኔ ብሶት።

የቴይለር በዚህም አያበቃም። ሮብለስ ጡንቻው ተጎዳ፣ ቴይለር ገባ። ሎስ አንጀለስ ላይ የኬንድሪክ ግራንድ ስላም ካለቀ በኋላ የመጨረሻዋን ኳስ ወደፊት ሮጦ መሬት ላይ ተዘርግቶ የቀለባት እሱ ነው። ፎቶው ላይ ሰው ሁሉ ኬንድሪክን ያቅፋል። ከዚያ በፊት በ2017 ቺካጎ ላይ ግራንድ ስላም መትቷል። በኋላም በ2021 ካንሳስ ሲቲ ሄዶ የጎልድ ግላቭ፣ የምርጥ ተከላካይ፣ ሽልማት ወሰደ። እና አንድ የስፖርት ልብስ መሸጫ ገብቼ የቴይለር ስም ያለበት ማልያ ስጠይቅ ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሶቶ አለን፣ በቅናሽ።» ከሄደም በኋላ ሶቶ! በቅናሽ!

ዳንኤል ሃድሰን ሌላው ነው። ክርኑ ሁለት ጊዜ የተከፈተ ሰው፣ ጁላይ 31 ላይ ከቶሮንቶ የመጣ። የወርልድ ሲሪየሱን የመጨረሻዋን ስትራይክ ወርውሮ የሂዩስተኑን ብራንትሊን አውት አድርጎ ጓንቱን ወደ ላይ ያሽቀነጠረው እሱ ነው። ጓንቱ ሲበር ሁሉም ያስታውሳል፤ ማን ወረወረው ብትሉ ግን «እ... ያ ጢማሙ»። ከካርዲናልስ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ሴት ልጁ ልትወለድ ስለሆነ ቀርቶ፣ ለምን ቀረ ብለው የተንጫጩ ሰዎች ነበሩ። አይ የሰው ነገር! ያን ማታ እኮ አኒባል ሳንቼዝ እስከ 8ኛው ኢኒንግ አንድ ምት ሳይፈቅድ ነው የወረወረው። ዓመቱን 0 አሸንፎ 6 ተሸንፎ የጀመረው ሳንቼዝ! እሱንም የሚመርጥ አላየሁም።

ፓራን የሚመርጡ አሉ፤ ደስ ይላል፣ ግን ለምን እንደሚመርጡት ስጠይቅ እጃቸውን እንደ ሻርክ አፍ እየከፈቱና እየዘጉ ያሳዩኛል። አዎ፣ ሄራርዶ ፓራ ለትንሿ ልጁ ብሎ የሕፃናቱን የሻርክ ዘፈን መግቢያው አድርጎ ስታዲየሙን ሁሉ አስጨብጭቧል። ሳን ፍራንሲስኮ አሰናብቶት እንደመጣ ወዲያው ዶጀርስ ላይ ግራንድ ስላም መምታቱን ግን ያነሳልኝ የለም። ሰውየውን ወደው ጨዋታውን ረሱት።

በሌላ በኩል ደግሞ ጭራሽ የባሰበት አለ። ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ ይፈልግና፣ ሦስት ቀን ያልቆየ ሰው ስም ፊደል በፊደል እያነበበ ይጠራልናል። «የት ላይ አየኸው?» ስለው ወደ ማሳያው ያያል። ይሄ ፍቅር አይደለም፣ ፈተና ላይ መኮረጅ ነው። የማይታወቅ መሆኑ ብቻውን ምን ያደርግልኛል? አንድ ማታ ልብህን ያቆመውን ሰው ንገረኝ እንጂ!

«ቤዝቦል ምኑ ይታያል፣ ቆመው ይውሉ የለ» ለምትሉ ወገኖች ዛሬ ጊዜ የለኝም። ሌላ ቀን።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አንድ የታክሲ ሾፌር ወዳጄ አለ፤ ይህን ሁሉ ጫጫታ ካዳመጠ በኋላ «ከርት ሱዙኪ» አለኝ። ሴፕቴምበር 3 ሜትስ 10 ለ 4 እየመሩን በ9ኛው ኢኒንግ የኛ የመምቻ ተራ ደረሰ፣ ሰው ስታዲየሙን ለቆ ባቡር ጣቢያ ደርሷል፣ ሱዙኪ መጨረሻ ላይ ሦስት ሰው የሚያስገባ ሆም ረን መትቶ 11 ለ 10 ጨረሰው። ወዳጄ ይህን በሬዲዮ ሲሰማ የነበረ ተሳፋሪ ይዞ እንደነበርና፣ ሰውየው ቤቱ ደርሶም አልወርድም እንዳለው ነገረን። እኔ ግን አሁንም ከሁለቱ ካቸሮች፣ ከመቺው ኋላ ሆነው ኳሱን ከሚቀልቡት፣ ጎምስን እመርጣለሁ፤ ብራዚላዊ ሆኖ ሜጀር ሊግ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። ተጨቃጨቅን፣ ድምፃችን ከፍ አለ፣ አስተናጋጇ ዞር ብላ አየችን። ጭቅጭቅ ማለት እንዲህ ነው!

ስለዚህ ለቀጣዩ ቅዳሜ ደንብ አውጥቻለሁ። ማልያው ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ተጫዋች አይቆጠርም። ስልክ ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ይቀመጣል። «ሶቶ» ያለ ሰው ደግሞ የሁላችንንም ቡና ይከፍላል፣ ከነቲፑ።