የጓያ መድኃኒት ቀድሞ የሚደርስ ስንዴ ነው

ጓያ ድርቅ የሚችል ጥራጥሬ ነው፤ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ግን እግር ያሽመደምዳል፣ ሰው ይሰብራል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ኦልኒ እ.ኤ.አ. በ1976 የጓያ መርዝ የእንስሳትን አንጎልና ዓይን እንደሚጎዳ አሳየ። እሱው በ1989 ደግሞ ቅዠት ስለሚያመጣው አደንዛዥ ዕፅ ስለ ፒሲፒ ጻፈ። ፒሲፒና ዘመዱ ኬታሚን የአይጥ አንጎል ላይ ጉዳት ማድረሳቸውን አገኘ። ጓያን ከአደንዛዥ ዕፅ ምን አገናኘው?

የሚያገናኛቸው ግሉታሜት ነው፤ የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር። ኦዳፕ የሚባለው የጓያ መርዝ ግሉታሜትን መስሎ ሕዋሱን እረፍት ይነሳዋል፣ በመጨረሻም ይገድለዋል። ፒሲፒና ኬታሚን ደግሞ ግሉታሜት መልእክቱን ወደ ሕዋሱ ከሚያስገባባቸው በሮች አንዱን ይዘጋሉ። ታዲያ ዘጊው መድኃኒት ከመርዙ አያድንም? ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። ግን ኦዳፕ በዋናነት የሚገባው በሌላ በር ነው። አንዴ የተሰበረ እግርንም የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም።

ምርምሩን አከብራለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ኦልኒ በ1976 ስለ ጓያ መርዝ በጻፈበት ሰሞን ጎንደር ውስጥ ደምቢያና ፎገራ ላይ ጓያ ሰው እየሰበረ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ወሎ ውስጥ ደላንታ ዳውንት ላይ ተደገመ። እ.ኤ.አ. በ1995 እና 96 ድርቅ መጣ፣ ሌላው እህል ጠፋ፣ ድርቅ የሚችለው ጓያ ብቻ ተረፈ። ከ2,000 በላይ ሰው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። ትናንት በሬ ጠምዶ ያረሰ ልጅ ጉልበቱ ተሳስሮ፣ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ፣ በዱላ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ እነ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ያጠኑት ነገር ለእኔ ከየትኛውም የላብራቶሪ ግኝት ይበልጣል። ጓያን ከእህል ጋር ቀላቅሎ የበላ ሰው አደጋው ይቀንስለታል። እሸቱን ጥሬውን የበላ ግን ይብስበታል። በየመንደሩ ጓያ ሲበስል የሚወጣው እንፋሎት ነው የሚሰብረው ይባላል። እንፋሎቱን የሸሸ ሰው ግን መርዙ ያለበትን ቂጣውንም ንፍሮውንም ይበላል።

ጓያን አትዝሩ ማለት ቀልድ ነው፤ ዝናብ ሲቀር ሌላ ምን ይብቀል? መርዙ ያነሰ ዋሴ የሚባል ዝርያ ወጥቷል፣ ይባዛ፣ ለገበሬው ይድረስ። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም ይረዳል። ከሁሉም በፊት ግን የእርዳታ ስንዴው ይቅደም። በጓያ አብቃይ ወረዳዎች ዝናብ መቅረቱ እንደታወቀ ይላክ። መሶቡ ላይ ጓያ ብቻ ከቀረ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ የሚመጣ ስንዴ ለዚያ ልጅ እግር ዘግይቷል።