ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር 112 በመቶ

ጉዳዩ፦ ከግድግዳ እንዲወርዱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ላይ የጦሳ ጉም እንኳ ከተማውን ሲውጠው ሽፋኑ ከ100 አልፎ አያውቅም። እርስዎ ግን የፔንታ 3 (የሕፃናት አምስት በአንድ ክትባት ሦስተኛ ዶዝ) ሽፋን ተብለው ከክትባት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቁልቁል ያዩናል።

ትውልድዎን እናውቃለን። አባትዎ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ናቸው። ከእሳቸው ወዲህ አገሪቱ ሕዝቧን ስላልቆጠረች፣ ያው ቁጥር በየዓመቱ በዕድገት መጠን እየተባዛ፣ ከዚያ ላይ የሕፃናቱ ድርሻ በመቶኛ ተቆንጥሮ ዕቅድ ይሆናል። ለወሩ 25 ወጣ እንበል። ከኩታበር ልጇን አዝላ የመጣችው፣ ተፈናቅላ ዘመድ ቤት የተጠጋችው፣ ልጆቻቸው ከ25ቱ ውስጥ የሉም፤ ሲከተቡ ግን ይቆጠራሉ። ላዕሉ (የተከተቡት) እንደ ወሎ ቤት ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው፣ ታሕቱ (ዕቅዱ) መታወቂያ ይጠይቃል። 28 ሲሞላ እርስዎ ተወለዱ፤ እንኳን ማርያም ማረችን።

እናትዎ ታሊ ሺት፣ የተከተቡት የሚቆጠሩባት ቅጽ፣ ናት፦ አምስት አምስት ሆነው የተደረደሩ ዜሮዎች። ዜሮዋ መሰረዝ ያለባት ልጁ እንደተወጋ ነው። ወረፋ ሲበዛ ለማታ ትቀራለች፣ ማታ ደግሞ የሚቆጠረው ባዶ ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ ባለ 10 ዶዝ ከሆነ 7 ልጅ ተከትቦም 10 ዜሮ ይሰረዛል።

ወንድምዎን፣ ክትባት ጀምረው ያልጨረሱትን የሚለካውን የማቋረጥ መጠንን፣ አይተውታል? ፔንታ 1 የወሰዱት 25፣ ፔንታ 3 የወሰዱት 28። ልዩነቱ ለ25 ሲካፈል ከዜሮ በታች 12 በመቶ ይመጣል። በ6 ሳምንታቸው ሳይጀምሩ በ14 ሳምንታቸው የጨረሱ ማለት ነው! የአንድ ወር ቢሆን ይሁን፣ ልጆቹ የተለያዩ ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲሆንስ? ከ10 በመቶ ሲያልፍ የሚደነግጠው ስብሰባ ከዜሮ ሲወርድ ያጨበጭባል።

በኤልኪውኤስ፣ በናሙና የመረጃ ጥራት መፈተሻው፣ አጣርተንዎታል። ከሪፖርቱ 12 ቁጥሮች በዕጣ ወጥተው ከመዝገብ ጋር ተመሳከሩ። አንዱ አልገጠመም፤ የሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 መሆኑ ተረስቶ ከ1 እስከ 30 ተቆጥሮ ነበር። እርስዎ ግን በሰላም አለፉ፤ መዝገቡም 28፣ ሪፖርቱም 28። ታሕቱን ማን ጠየቀው?

መዝገቡ ላይ አድራሻ የሚባል ዓምድ አለ፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው እንጂ። ተሞልቶ ከ28ቱ 9ኙ ከአገልግሎት አካባቢያችን ውጭ ቢሆኑ፣ የቀሩት 19 ለ25 ሲካፈሉ 76 በመቶ ይሆናሉ። ስድስት ልጆች ከጀርባዎ ቆመዋል፤ ቤታቸውን የሚያንኳኳ የለም፣ እርስዎ ጨርሰናል ብለዋላ። እባክዎ ዞር ይበሉላቸው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ76 በመቶ፣ ፕላስተር ይዘህ እንድትመጣ
ለአድራሻ ዓምድ፣ ባለህበት