«አይነክስም» አትበሉኝ፣ ውሻችሁን እሰሩ

ጎበዝ፣ ዛሬ ይውጣልኝ። ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ውሻቸውን ፓርክ ውስጥ ፈትተው የሚለቁ ሰዎች አንጀቴን አሳርረውታል። ወንዝ ዳር ብንሄድ አሉ፣ ሐይቅ ዳር ብንሄድ አሉ። ውሻቸው እየጋለበ ይመጣብናል። እነሱ ከሩቅ ሆነው እጃቸውን እያወዛወዙ፣ «አትጨነቁ፣ አይነክስም! መጫወት ፈልጎ ነው!» ይላሉ። የእኔ ውሻ መጫወት ትፈልግ እንደሆነ ማን ጠየቀ?

ለማታውቁን፣ የምንኖረው ከዲሲ ወጣ ብሎ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ኦክቶበር ሲገባ እኔና ባለቤቴ ካምፐራችንን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ነው) መኪናው ላይ እንቀጥልና ሁለቱን ውሾቻችንን፣ ቡቺንና ሎሚን ይዘን እንወጣለን። ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ይህን ጊዜ ነው። ሙቀቱ በርዷል፣ ትንኙ ጠፍቷል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ስለሚገቡ ካምፑ ጭር ይላል። ዛፉ ሁሉ ቢጫና ቀይ ይለብሳል። ማታ እሳት ይነድዳል፣ ጠዋት ቡና ውጭ ይፈላል። ውሾቹም ከእኛ በላይ ይደሰታሉ።

ደግሞ ቨርጂኒያ ለዚህ የታደለች ናት። የመጀመሪያዎቹን ስድስት የስቴት ፓርኮቿን (ግዛቷ ራሷ የምታስተዳድራቸውን) በአንድ ቀን ነው የከፈተቻቸው፣ ጁን 15 ቀን 1936። ያኔ ኢኮኖሚው ወድቆ ሥራ ያጡ ወጣቶች ናቸው ድንጋዩን ፈልጠው፣ መንገዱን ጠርገው የሠሯቸው። ዳውዛት፣ ሃንግሪ ማዘርና ፌይሪ ስቶን ሐይቅ አላቸው። ስታውንተን ሪቨር ስሙ እንደሚለው ወንዝ ዳር ነው። በኋላ የመጡትም አያሳፍሩም። ኒው ሪቨር ተገድቦ የተፈጠረው ክሌይተር ሌክ አለ። ሸናንዶዋ ወንዝ ዳር ያለው ፓርክ ደግሞ ለእኛ ከተማ ቅርብ ነው። (በዚያው በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚያልፈውን የስካይላይን ድራይቭ መንገድ ለመንዳት ያሰባችሁ የካምፐራችሁን ቁመት አስቀድማችሁ ለኩ። ሜሪስ ሮክ ላይ ያለው ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው።)

ከሁሉም በላይ እዚህ ውሻ ይፈቀዳል። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻ ይዞ የእግር መንገዶቹ ላይ መውጣት ክልክል ነው። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ግን 500 ማይል ገደማ ከሚሆነው የእግር መንገዱ ውስጥ ለውሻ የከለከለው 20 ማይል እንኳ አይሞላም። በምላሹ የሚጠይቀን አንድ ገመድ ነው። ከ6 ጫማ ያልበለጠ ገመድ። የስቴት ፓርኮቹም ሕግ ይኸው ነው። መግቢያው ላይ ተጽፏል፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። ታዲያ ይህን ማክበር ምን ያቅታል?

በተለይ መጸው ላይ ይብሳል። የዋና ወቅት ሲያልቅ ሰዎች ባዶውን የሐይቅ ዳር አሸዋ ያዩና የውሻ መፈንጫ ያደርጉታል። ዋናተኛ ስለሌለ ሕጉም የሌለ ይመስላቸዋል።

ዘንድሮ የደረሰብንም እንደዚህ ባለ ቦታ ነው። የፓርኩን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የፓርኩ አይደለም። ሎሚ ከመጠለያ ያመጣናት ውሻ ናት። ከእኛ በፊት ምን እንዳሳለፈች አናውቅም፣ ግን ትልቅ ውሻ ስታይ ትንቀጠቀጣለች። አጭር ገመዷን ይዤ በሐይቁ ዳር እየሄድን አንድ ግዙፍ ውሻ ከዛፎቹ መሃል ወጥቶ ቀጥታ መጣብን። ጮህኩ። ባለቤትየው ያችኑ «አይነክስም»ን ከሩቅ ላከልኝ። ሰውየው እስኪደርስ ድረስ ሎሚ ከውሻው ሥር ወድቃ ጆሮዋ ተቀድዷል። ሰውየው ደርሶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ያንቺ ናት የጀመረችው።» ይቅርታ የለም፣ ደህና ናት ወይ የለም። ውሻውን አንገቱን ይዞ ሄደ። እኛ እሁድ ከሰዓት በኋላ ክፍት የእንስሳት ሐኪም ፍለጋ ተራራ ለተራራ ዞርን።

እሺ፣ ጮኻለች፣ ጥርሷን አሳይታለች። ምን ታድርግ? ገመድ ላይ ያለ ውሻ ሲፈራ መሸሽ አይችልም። መሸሽ ካልቻለ የቀረው መከላከል ብቻ ነው። የተፈታው ግን እንዳሻው ይመጣል፣ እንዳሻው ይሄዳል። ሕጉን ያከበረችው ተነክሳ፣ ሕግ የጣሰው በነጻ ይሄዳል። የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው።

ሌላው ደግሞ የእማዬ ነገር ነው። ከጎንደር ልትጠይቀን መጥታ አብራን ነበረች። ቡቺንና ሎሚን ለምዳቸዋለች፣ «ልጆቼ» ነው የምትላቸው። ያ ውሻ ሲመጣ ግን ደርቃ ቀረች። መጀመሪያ የጠየቀችኝም ስለ ጆሮው አልነበረም። «ተከትቧል ወይ? ሰውየውን ጠይቂው» አለችኝ። ሰውየው ግን ሄዷል። ቨርጂኒያ ውስጥ አራት ወር የሞላው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዱ ግዴታ እንደሆነ ነገርኳት። «ገመዱም ግዴታ ነው አላልሽኝም?» አለች። ምን ልመልስላት?

ወገኖቻችን ውሻ አይተው ወንበር ላይ ሲወጡ እየሳቁ ቪዲዮ የሚቀርጹም አሉ። እባካችሁ ተዉ። አገር ቤት የእብድ ውሻ በሽታ የሚነገር ተረት አይደለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማንም ሐኪም አያድንም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ፓስተር ድረስ ተወስደው ለቀናት ሆዳቸው ላይ መርፌ የተወጉ ሰዎች በየቤታችን አሉ። እማዬም የጎረቤት ልጅ በዚሁ በሽታ ሲሞት አይታለች። እንዲህ ያየ ሰው «አይነክስም» ስለተባለ አይረጋጋም። ሊረጋጋም አይገባውም። ፓርኩ የእሷም ነው። ውሃ ዳር ቁጭ ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ፀሐይ የመሞቅ መብት አላት።

እሺ፣ እኛን ተዉን። ለራሳችሁ ውሻ እንኳ አታስቡም? ኦክቶበርና ኖቬምበር ወንዱ አጋዘን ሴት ፍለጋ የሚቅበዘበዝበት ጊዜ ነው። የተፈታ ውሻ አጋዘን አይቶ ከሮጠ ስሙን ብትጠሩት አይሰማም። ድቦቹ ለብርዱ ወራት ስብ ለማጠራቀም ከዛፍ ሥር የወደቀውን የኦክ ፍሬ ሲለቅሙ ይውላሉ። ከፓርኩ ወሰን ወዲያ ባለው ጫካ የአደን ወቅት ነው። በቅጠሉ ውስጥ «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው መዥገር አለ፣ ብርዱ ሲጀምር የጠፋ ይመስላል እንጂ ዐዋቂው መዥገር የሚንቀሳቀሰው እንዲያውም አሁን ነው። ውሃውም ቢሆን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። ሌክ አና ላይ በመርዛማ አልጌ ምክንያት በተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ያን ውሃ የጠጣ ውሻ ሊሞት ይችላል። ከፊታችሁ 100 ሜትር ርቆ የሚሮጥ ውሻ ምን እንደሚጠጣ እንዴት ታውቃላችሁ?

ውሻችሁ መሮጥ ካለበት የታጠረ የውሻ ሜዳ በየከተማው ሞልቷል። ረጅሙን ተሳቢ ገመድ እስከ ጫፉ ለቅቃችሁ ስልክ የምታዩትም ከዚሁ ናችሁ። ያ 6 ጫማ አይደለም።

የምፈራው ደግሞ ሌላ ነው። ሰው በተነከሰ ቁጥር፣ አቤቱታ በበዛ ቁጥር፣ አንድ ቀን ፓርኮቹ «ውሻ አይገባም» ቢሉስ? ያኔ ገመድ የያዝነውም፣ ያልያዙትም እኩል እንቀራለን። እኔ ደግሞ ቡቺንና ሎሚን ቤት ዘግቼባቸው ሐይቅ ዳር መቀመጥ አልፈልግም።

ስለዚህ ከእንግዲህ መከራከር ትቻለሁ። የምናርፍበትን ፓርክ ቢሮ ቁጥር ገና ስንደርስ ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ። ያልታሰረ ውሻ ካየሁ ለሬንጀር፣ ለፓርኩ ጠባቂ፣ እደውላለሁ። አኩርፉ፣ ስደቡኝ፣ እደውላለሁ። እናንተም ደውሉ።

ቅጠሉ ሳይረግፍ ክሌይተር ሌክ እንሄዳለን። የሎሚ ጆሮ ድኗል። እዚያ ካገኛችሁን ቡና አለ፣ ኑ። ቡቺን እንዳሻችሁ አሻሹት፣ ሰው ይወዳል። ወደ ሎሚ ከመቅረባችሁ በፊት ግን እኔን ጠይቁኝ።