ሰማዩን ሳታዩ መንጠቆ አትጣሉ!

ግልገል ጊቤ ግድብ ዳር ሰብሰብ ብሎ ዓሣ ማጥመድ ደስ ይላል፤ ግን ምነው ሰማዩን የሚያይ ጠፋ? የጅማ ክረምት ጠዋት ብራ ሆኖ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ይዞ ይመጣል። አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይወረውራል፤ ነፋስ ሲነሳ ክሩ ወደ ጎን ይነዳና እርስ በርስ ይተበተባል። ኧረ ተራራቁ! ክሩ ላይ ከበድ ያለ የእርሳስ ክብደትም እሰሩ።

መንጠቆው ክሩ ላይ የሚታሰርበት ቋጠሮማ ያንገበግባል። ናይለን በደረቁ ሲጠበቅ በሰበቃ ይሞቅና ይደክማል፤ ዓሣው ሲጎትት እዚያው ላይ ብጥስ! በምራቅ ማራስ ምን ይከብዳል? ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ (ቲላፒያ) አፉ ትንሽ ነው፤ ትልቅ መንጠቆ ስትጥሉለት ትሉን ለቅሞ ይሄዳል።

ደግሞ መብረቅ እየጮኸ ዘንግ ይዞ ዛፍ ሥር መጠለል! ዘንጉን ጥላችሁ መኪና ውስጥ ግቡ እንጂ። የተቆረጠውንም ክር ሰብስቡ፣ የላሞቹ እግር ላይ እየተጠመጠመ ነው።